ምዕራፍ ስድስት፦ ብዙ ቤተሰብ በአንድ ክዳን ሥር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቡታጅራ በኩል 230 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሆሳዕና የገባ እንግዳ፥ ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ በቆሙት ባለመስታወት ፎቆች ላይ ስለ ሆነ፥ የከተማይቱ ነዋሪ በእነዚያ ውስጥ የሚያድር ይመስለዋል። ፎቆቹ ግን በአብዛኛው ባንክና ሱቅ፥ ሆቴልና ቢሮ ናቸው፤ መምህሩ፥ ነርሷ፥ የባጃጁ ነጂ፥ ልብስ ሰፊውና ከገጠር ለትምህርት የመጣው ልጅ ሲመሽ የሚገቡበትን ቤት ለማየት የሚፈልግ ሰው ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ፥ ኮብልስቶኑም አልቆ ቀዩ አፈር እስከሚጀምርበት ድረስ መዝለቅ ይኖርበታል። በዚያም ከቆርቆሮ አጥር ጀርባ አንድ ረጅም የጭቃ ቤት ያገኛል፤ ክዳኑ አንድ፥ የፊት ግድግዳውም አንድ ሲሆን፥ በሮቹ ግን አምስት ወይም ስድስት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ሆነው በተርታ ይቆማሉ፤ በእያንዳንዱም በር ውስጥ ራሱን የቻለ ቤተሰብ ይኖራል።

ስለ አብያተ መንግሥታትና ስለ አብያተ ክርስቲያናት ሕንፃ የጻፉ ሊቃውንት ብዙዎች ሲሆኑ፥ ስለዚህ ቤት ብዕሩን ያነሣ ሰው ግን ጥቂት ነው፤ ንጉሥ አላደረበትም፥ ጳጳስም አልባረከውም፥ ባለቤቱ ራሱ እንኳ አቅም ባገኘ ማግስት አፍርሶ በብሎኬት ሊተካው የሚመኘው ቤት ነውና። ይሁን እንጂ የሀዲያና የከምባታ ከተሞች፥ ሆሳዕናና ዱራሜ፥ ሾኔና አንጋጫ፥ ዶዮገናና ሺንሺቾ፥ እንዴት ከተማ እንደ ሆኑ የሚያስረዳ ምስክር ቢፈለግ፥ በእኔ ግምት ከዚህ ረጅም ቤት የሚበልጥ አይገኝም፤ በአንድ ክዳን ሥር ስንት ቤተሰብ እንደሚያድር የሚወስነው የባለቤቱና የአናጢው ፈቃድ ብቻ ሳይሆን፥ የእንጨቱ ጠባይ፥ የመጓጓዣው ዋጋና የመንግሥቱ ዐዋጅ እንደ ሆነ በዚህ ቤት ላይ ጎልቶ ይታያል።

በሀዲያና በከምባታ አባቶች ሥርዓት አንድ ቤት የአንድ አባወራ ነበረ። ቅርጹ ክብ፥ ክዳኑ ሣር፥ መካከሉ ላይ የክዳኑን ክብደት የሚሸከም ምሰሶ የተተከለበት ሲሆን፥ ወለሉ ለሰውና ለከብት ተከፍሎ፥ በደጋው ብርድ ሌሊት የላሞቹ ትንፋሽ ቤቱን ያሞቀው ነበር፤ ከደጁ ፊት ለፊት ለምለም መስክ፥ ከጓሮው ደግሞ እንሰቱ ይገኛል። ልጅ ጎጆ በወጣ ጊዜ ጎረቤትና ዘመድ ተሰብስቦ ሌላ ቤት ያቆምለታል እንጂ፥ ልጁ በሌላ ሰው ክዳን ሥር በየወሩ ገንዘብ እየከፈለ ይኖር ዘንድ የሚያስብ አልነበረም። እንሰት በጥቂት መሬት ላይ ብዙ ነፍስ የሚመግብ ተክል በመሆኑ፥ በተለይ የከምባታ ገጠር በአገራችን ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው ስፍራዎች አንዱ ሊሆን ቻለ፤ ነገር ግን ይኸው በረከት ኋላ ላይ የራሱን ችግር ወለደ፥ ይኸውም የአባቱ መሬት ለወንድማማቾች ሲከፋፈል ሲከፋፈል፥ የመጨረሻው ልጅ ድርሻ ለጎጆውና ለጥቂት የእንሰት እግር ብቻ የሚበቃ ሆነ። ስለዚህም ጎልማሳው ከአገሩ መውጣት ጀመረ፤ አንዱ ወደ ወንጂና ወደ መተሐራ የሸንኮራ እርሻ፥ ሌላው ወደ አዲስ አበባ፥ ሌላው ደግሞ በቅርቡ ወዳለች ከተማ።

የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከከምባታና ከሀዲያ የሄዱ ብዙ ሠራተኞች በዚያ ለአገዳ ቆራጭ በተርታ በተሠሩ የሠፈር ቤቶች ውስጥ ኖረዋል። እነዚህ ሰዎች ወደ አገራቸው ሲመለሱ ደመወዛቸውን ብቻ ሳይሆን፥ ብዙ በር ያለውን ረጅም ቤት አሳብም ይዘው እንደ መጡ አምናለሁ፤ ይህ የእኔ ግምት ነውና አንባቢ እንደ ግምት ይውሰደው።

ሆሳዕና ቀድሞ ዋቸሞ ትባል ነበር። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከምባታን ይገዙ የነበሩት ራስ አባተ ቧያለው በበዓለ ሆሳዕና ዕለት ስለ ገቡባት ከተማይቱን በበዓሉ ስም እንደ ሰየሟት በአገሩ ሰው ዘንድ ይነገራል። ከገዥው ጋር ጦር፥ ከጦሩ ጋር ቤተ ክርስቲያን፥ ቀጥሎም ገበያና ፍርድ ቤት መጣ፤ በ1920ዎቹም የውጭ ሚስዮናውያን ትምህርት ቤትና ሕክምና ይዘው በአካባቢው ሰፈሩ። በዚህ ሁኔታ ርስትና እንሰት በአጠገቡ የሌለው፥ ነገር ግን ማደሪያ የሚያስፈልገው አዲስ ዓይነት ሰው ተፈጠረ፤ ጸሐፊው፥ ነጋዴው፥ ድሬሰሩ፥ ተማሪው። ለእንዲህ ያለ ሰው ሙሉ ቤት ይበዛበታል፥ ያለ ቤትም አይሆንለትም፤ የሚበቃው አንድ ክፍል ነው።

ሆኖም አንድ ክፍል ከሌላ ክፍል ጋር አያይዞ በረጅሙ ለመሥራት፥ ክቡ ቤት የማይጠይቀው ዓይነት እንጨት ያስፈልጋል። ባሕር ዛፍ በ1880ዎቹ ወደ አዲስ አበባ የገባው ማገዶ ጠፍቶ ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ባሰቡበት ጊዜ ግድም ሲሆን፥ የደቡቡን ደጋ ለመውረስ ብዙ ዘመን አልፈጀበትም። ጥድና ዝግባ ለመድረስ የሰው ዕድሜ የሚፈልጉ ሲሆኑ፥ ባሕር ዛፍ ግን በጥቂት ዓመት ለቋሚ ይደርሳል፤ ተቆርጦም ከጉቶው እንደ ገና ያቆጠቁጣል፤ ከሁሉም በላይ ቀጥ ብሎ ያድጋል። ክብ ቤት አጭርና ጠማማ እንጨትን ይታገሣል፥ ጎባጣውን ሁሉ በክቡ ውስጥ አዋሕዶ ያሳልፈዋል፤ ቀጥተኛና ረጅም ወራጅ ያገኘ አናጢ ግን ማዕዘን ያለው ቤት መሥራት ይቀለዋል።

በዚህ ላይ ቆርቆሮ መጣ። ቆርቆሮ በተፈጥሮው አራት ማዕዘን ነው፤ ክቡን ቤት ልክደንበት ያለ ሰው በየጎኑ እየቀደደ ብዙውን ይጥላል፥ በአራት ማዕዘን ቤት ላይ ግን አንድም ሳይባክን ጎን ለጎን ይደረደራል። ስለዚህ የክቡ ቤት ከከተማ መውጣት ብዙ ጊዜ ለዘመናዊነት ፍቅር ብቻ ሲሰጥ ብሰማም፥ ከፍቅሩ ይልቅ የቆርቆሮው ቅርጽ ያስገደደው ይመስለኛል። አራት ማዕዘን ቤት ደግሞ ክቡ የሌለው አንድ ጠባይ አለው፥ ይኸውም ማደግ መቻሉ ነው፤ ባለቤቱ ጥቂት ገንዘብ በያዘ ጊዜ በጫፉ ላይ አራት ቋሚ ተክሎ አንድ ክፍል ይጨምራል፥ በሚቀጥለው በጋ ሌላ ይጨምራል፥ እንዲህ እንዲህ እያለ ባለ ሁለት በሩ ባለ ስድስት በር ይሆናል።

አሠራሩን በዝርዝር ብናይ ጊዜያችን አይባክንም። ቦታው በገመድና በችካል ከተለካ በኋላ፥ ለማዕዘኑ ወፍራም ግንድ፥ ለመካከሉም ቋሚ ተመርጦ፥ እያንዳንዱ ቢያንስ ክንድ ያህል በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ይተከላል። ምስጥ በሚበዛበት ስፍራ ወደ መሬት የሚገባው ጫፍ በእሳት ይለበለባል፥ ወይም በተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባል። ቋሚዎቹ ተጠጋግተው ከቆሙ በኋላ ማገሩ ከውስጥም ከውጭም በሚስማር ይመታባቸዋል፤ በገጠር የእንሰት ቃጫ ይሠራው የነበረውን ሥራ በከተማ ሚስማር ወሰደው። ከዚያም ወራጁና ማገሩ በላይ ተዘርግቶ ቆርቆሮው ይመታል። ክዳኑ ከምርጊቱ መቅደም አለበት፤ አለዚያ ያልታሰበ ዝናብ የወር ሥራ በአንድ ሌሊት ያጥበዋል።

ጭቃው የሚዘጋጀው ከዚያው ከግቢው በተቆፈረ አፈር ነው። አፈሩ ከጭድ ጋር ተደባልቆ፥ ውኃ ጠጥቶ፥ በእግር ተረግጦ ለቀናት ይተዋል፤ በየጊዜው እንደ ገና ይረገጣል፥ በመጨረሻም ይሸታል። የሚሸተው ጭዱ መብላላት ስለ ጀመረ ነው፤ የተብላላው ጭድ ይለሰልሳል፥ ከአፈሩም ጋር ይዋሐዳል፥ ጭቃውንም አጣባቂ ያደርገዋል፤ ሳይብላላ የቀረው ክር ደግሞ ግድግዳው ሲደርቅ የሚፈጠረውን ስንጥቅ እየያዘ ትልቁ ስንጥቅ ወደ ብዙ ጥቃቅን እንዲከፋፈል ያደርጋል። የመጀመሪያው ምርጊት ወፍራም ነውና ሲደርቅ መሰንጠቁ የታወቀ ነው፤ ሁለተኛው ምርጊት ስንጥቁን ይደፍናል፤ ልስኑ ደግሞ በቀጭን ጭቃ፥ አንዳንዱም ዘንድ አመድና እበት ተጨምሮበት ይለሰናል፥ በላዩም ኖራ ወይም ቀለም ይቀባል። እንዲህ የተሠራ ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ስለሚመልስ፥ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ባለችው በሆሳዕና ብርድ ከብሎኬት ግድግዳ ይልቅ ምቾት እንዳለው በሁለቱም ውስጥ የኖሩ ሰዎች ይናገራሉ። ደካማው ጎኑ እግሩ ነው፤ ጣሪያው ካላፈሰሰ፥ የግድግዳውም ግርጌ ከውኃ ከተጠበቀ ከአንድ ትውልድ በላይ ይቆማል፥ እግሩ ከረጠበ ግን ቋሚው በመሬቱ ወለል አቅራቢያ ይበሰብሳል።

አሁን ነገሩን ከሩቅ አገር ጋር ላነጻጽር እወዳለሁ። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት፥ በቦስተንና በዉስተር ከተሞች ዳርቻ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1880 እስከ 1930 ባሉት ዓመታት ውስጥ በሺህ የሚቈጠሩ ባለ ሦስት ደርብ የእንጨት ቤቶች ተሠርተዋል። ቤቱ ጠባብና ረጅም ሲሆን፥ በእያንዳንዱ ደርብ አንድ ቤተሰብ ይኖርበታል፤ ከፊትና ከኋላ በየደርቡ የእንጨት ሰገነት አለው፥ በኋለኛውም ሰገነት ልብስ ይሰጣል፥ ጎረቤትም ከጎረቤት ጋር ይነጋገራል። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ከአየርላንድ፥ ከስዊድን፥ ከሊቱዌንያ ወይም ከፈረንሳይኛ ተናጋሪው ካናዳ የመጣ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበረ፤ በአንደኛው ደርብ ራሱ እየኖረ ከሁለቱ ደርቦች በሚያገኘው ኪራይ የቤቱን ዕዳ ይከፍል ነበር።

ይህን ቤት ያስገኘው አናጢ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1888 ፍራንክ ስፕሬግ የተባለው መሐንዲስ በሪችመንድ ከተማ የኤሌክትሪክ ትራም በሰፊው እንዲሠራ ባደረገ በዓመቱ ቦስተንም ፈረስ ይስበው የነበረውን ትራሟን በኤሌክትሪክ መተካት ጀመረች፤ ሠራተኛው በአምስት ሳንቲም ከፋብሪካው ርቆ ማደር ቻለ፥ የትራሙ ሐዲድ በደረሰበትም ሁሉ እርሻው ተሸንሽኖ ቤት ተተከለበት። ሳም ባስ ዋርነር የተባለ የታሪክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው የታወቀ መጽሐፉ ይህንኑ የትራምና የሠፈር ዝምድና አብራርቶ ጽፎታል። መጋዝ ቤት ያወጣው ቀጭን ጣውላና ርካሽ የሽቦ ሚስማር ባይኖር ኖሮ ግን ትራሙም ብቻውን ይህን ያህል ቤት ባላቆመ ነበር።

እዚያ ቤተሰብ በቤተሰብ ላይ ወደ ላይ ተደረበ፥ በእኛ ዘንድ ወደ ጎን ተደረደረ። ልዩነቱ የማሰብ ልዩነት አይደለም። በመሬት የተቀበረ የባሕር ዛፍ ቋሚ የጭቃውን ክብደት ተሸክሞ ሌላ ደርብ ይሸከም ዘንድ አቅም የለውም፤ በከተማ ዳርም መሬት ከእንጨት ይረክስ ነበርና ወደ ላይ ለመውጣት የሚያስገድድ ነገር አልነበረም። ጥሩ እንጨትና ብዙ ጉልበት በእጁ የነበረ ሰውማ ወደ ላይ ሠርቷል፤ ከእኛ በስተ ምዕራብ በጅማ አጠገብ በጅሬን የሚገኘው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ባለ ደርብና ባለ ሰገነት የእንጨት ሕንፃ ሆኖ እስከ ዛሬ ይጎበኛል።

ዐዋጁ ደግሞ በሁለቱም አገር የቤቱን ዕድል ቀይሮታል። በማሳቹሴትስ እ.ኤ.አ. በ1912 እና በ1913 በወጡት ሕጎች መሠረት ብዙ ከተሞች ባለ ሦስት ደርብ የእንጨት ቤት እንዳይሠራ ከለከሉ፤ የተሰጠው ምክንያት የእሳት አደጋ ነበረ፥ ምንም እንኳ ከእሳቱ ይልቅ በሠፈራቸው የውጭ አገር ሠራተኛ እንዳይበዛ የፈሩ ሰዎች ድምፅ በሕጉ ውስጥ መሰማቱን የታሪክ ጸሐፊዎች ባይሸሽጉትም። በእኛ አገር ደግሞ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሁሉ የመንግሥት አደረገ። አንድ ሰው ከሚኖርበት በቀር ሌላ መኖሪያ ቤት ሊኖረው፥ ሊያከራይም አልተፈቀደለትም፤ ኪራዩ በወር እስከ 100 ብር የሆነው ቤት ለቀበሌ፥ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች ድርጅት ተሰጠ። እንደ ሆሳዕናና እንደ ዱራሜ ባሉ ከተሞች የሚከራየው ክፍል ዋጋው ዝቅተኛ ስለ ነበረ ዕጣው የቀበሌ ቤት መሆን ነበር።

ኪራዩ ወዲያው እስከ ግማሽ ድረስ ተቀነሰ፥ ድኻውም ደስ አለው፤ ለደስታው በቂ ምክንያት ነበረው። ነገር ግን በየክረምቱ ማግስት ምርጊቱን ያድስ የነበረው ባለቤት ከመካከል ሲወጣ የሚተካው አልተገኘም። የጭቃ ቤት ደግሞ ያለ ባለቤት ብዙ አይኖርም፤ በየዓመቱ እጅ የሚፈልግ፥ ስንጥቁ ሲደፈን የሚታደስ፥ ሲተው የሚፈርስ ነው። ተከራዩ በግድግዳው ላይ ገንዘብ ቢያፈስ ግድግዳው የእርሱ አይሆንም፤ ቀበሌውም ከሚሰበስበው ኪራይ ለጥገና የሚተርፈው ጥቂት ነበረ። አዲስ ለኪራይ የሚሠራም ስላልነበረ፥ ከተማው ሲያድግ ቤቱ ባለበት ቀረ፤ አንዱ ክፍል በመጋረጃ ወይም በኮምፔርሳቶ ተከፍሎ ለሁለት ሆነ፥ ዘመድ በዘመድ ላይ ደባል ሆኖ ገባ። ዐዋጁ ድኻውን ከአከራይ ለማዳን የወጣ ቢሆንም፥ ከምስጥ ግን ሊያድነው አልቻለም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ማከራየት እንደ ገና የግለሰብ ሥራ ሆነና፥ ረጅሙ ቤት በከተማይቱ ዳርቻ ሁሉ ዳግመኛ መብቀል ጀመረ። ዛሬ የምናየው አብዛኛው ከዚህ ወዲህ የተሠራ ነው።

በውስጡ ያለው ኑሮ የራሱ ሥርዓት አለው። በግቢው ውስጥ ባለቤቲቱ ከመንገዱ ቀረብ ባለው ቤት ትኖራለች፤ ተከራዮቹ እንደ ዕድሜዋ እትዬ ወይም እማማ ይሏታል፥ እርሷም በስማቸው ከመጥራት ይልቅ የልጆቻቸውን ስም አስቀድማ «የእገሌ እናት» ትላቸዋለች። ቆጣሪው አንድ፥ የውኃው ቦኖ አንድ፥ ሽንት ቤቱም አንድ ነው። ከእነዚህ ሦስቱ ብዙ ጠብ የሚያስነሣው ቆጣሪው ነው፤ ሒሳቡ በአምፖል ቁጥር ሲከፋፈል ኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ዝም ይላል፥ የሌለው ይናገራል፤ በክፍል ቁጥር ሲከፋፈል ደግሞ ብቻውን የሚኖረው ተማሪ ያጉረመርማል። በክፍሎቹ መካከል ያለው ግድግዳ በብዙ ቤት እስከ ቆርቆሮው አይደርስም፥ ከላይ ያለው ኮርኒስም አቡጀዲ ወይም የተሰፋ የማዳበሪያ ከረጢት ነው፤ ስለዚህም የአንዱ ሳል የሁሉ ሳል ነው፥ የባልና ሚስት ክርክርም በሹክሹክታ መካሄድን ይማራል። ዝናብ በቆርቆሮው ላይ በሚወርድበት ሰዓት ብቻ ሰው ምሥጢሩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል።

በዚህ መቀራረብ ውስጥ የሚገኘው ጥቅምም በገንዘብ የሚተመን አይደለም። ጠዋት ወደ ሥራ የምትሄደው ነርስ ልጇን ለጎረቤቷ ትታ ትወጣለች፤ ቡና በየተራ ይፈላል፤ በአንዱ በር የወንጌላውያን መዝሙር ሲሰማ በሚቀጥለው በር ጾመኛይቱ የሽሮ ወጧን ታማስላለች፥ ሦስተኛውም በር ላይ የመግሪብ ሶላት ይሰገዳል። የመስቀል ሰሞን በሆነ ጊዜ ግን ተርታው ጭር ይላል፤ የሀዲያው ለያሆዴ፥ የከምባታው ለመሳላ ወደየገጠሩ ይሄዳልና፥ ሲመለስ ቅቤና ቆጮ፥ ለአተካና የሚሆን ቡላም ተሸክሞ ይመጣል፤ ለጎረቤትም ይካፈላል። ስለዚህ የተከራየው ክፍል ከገጠሩ ቤት የተለየ ዓለም ነው ማለት ያዳግታል፤ እንሰቱ በሌላ ቀበሌ ያለ ቢሆንም ሰውየውን አሁንም ይመግበዋል።

ይህን ተርታ ወደ ዳር ያራቀው ኃይል የቦስተኑን ትራም ይመስላል፥ ምንም እንኳ ሐዲድ የሌለውና በሦስት እግር የሚሄድ ቢሆንም። እንደ ሾኔ ባሉ ስፍራዎች የፈረስ ጋሪ ሰውን ከገበያ ወደ ሠፈር ሲያመላልስ ኖሯል፤ ጋሪ ግን በጭቃና በዳገት ይደክማል። ከህንድ የመጣችው ባጃጅ በየከተማው ከተስፋፋች ወዲህ ሠራተኛው በጥቂት ብር ከቢሮው ራቅ ብሎ ማደር ቻለ፤ ተርታው ቤትም ባጃጅ የሚገባበትን መንገድ ተከትሎ ወደ ውጭ ተጓዘ። የተከራይ ስሌት ቀላል ነው፤ በወሩ መጨረሻ የመመላለሻው ድምር ከኪራዩ ልዩነት ካነሰ፥ ወደ ዳር ይወጣል። ክረምት ሲገባና መንገዱ ሲበላሽ ዋጋው ይወጣልና፥ በሐምሌ ወር ስሌቱ ሊገለበጥ ይችላል።

ተከራዩን ያበዙት ተቋማት ናቸው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ሆሳዕና 70 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበራት። ከዚያ በኋላ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መቀበል ጀመረ፤ የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል፥ በ15ኛው ምዕተ ዓመት ከሀዲያ ወጥታ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ንግሥት በሆነችው በዚያች ብልህ ሴት ስም የሚጠራው፥ ሐኪሙንና ነርሱን ሰበሰበ፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ከተማይቱ የክልሉ ዋና መቀመጫ ሆነችና፥ ከሐዋሳ የተዛወረው ሠራተኛ ሁሉ ቤት ፈላጊ ሆኖ መጣ። ደላላው ከዚህ በፊት ያልለመደውን ክብር ያገኘው በዚህ ጊዜ ነው።

ለቤት ሠሪው ገንዘብ የመጣው ግን በአብዛኛው ከዚህ አይደለም። ከ1990ዎቹ ጀምሮ የሀዲያና የከምባታ ወጣቶች እጅግ ረጅምና አደገኛ መንገድ ተጉዘው ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደዋል፤ በዚያም በድኻ ሠፈሮች ውስጥ ትንንሽ ሱቅ ከፍተው፥ ዕቃ በዱቤ ሰጥተው፥ በዘራፊም ተፈትነው ገንዘብ ይልካሉ። የተላከው ገንዘብ በመጀመሪያ የአባትን ቤት ቆርቆሮ ያለብሳል፤ ቀጥሎ በከተማ ቦታ ይገዛል፤ በዚያ ቦታ ላይም ዋናው ቤት ገና መሠረቱ ሳይወጣ በግቢው ጫፍ የሚከራይ የጭቃ ተርታ ይሠራል፥ ኪራዩ ለዋናው ቤት ብረትና ሲሚንቶ ይሆን ዘንድ። የዉስተሩ ሠራተኛ በሁለት ደርብ ኪራይ ዕዳውን እንደ ከፈለ ሁሉ የሆሳዕናው ልጅም በስድስት በር ኪራይ ፎቁን ያስጀምራል፤ ልዩነታቸው አንዱ ከተከራዮቹ በላይ ወይም በታች ሲኖር ሌላው በጆሃንስበርግ ሆኖ በስልክ ማስተዳደሩ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990 በዉስተር ከተማ ያሉ ብዙ ባለ ሦስት ደርብ ቤቶች በአሜሪካ የታሪካዊ ስፍራዎች መዝገብ ገቡ፤ የሠራተኛ ቤት፥ በሕግ የተከለከለና የተናቀ ቤት፥ ከሰባ ዓመት በኋላ ቅርስ ተባለ። በእኛ አገር የተመዘገበው የመኳንንቱ ነው፤ በአዲስ አበባ የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት የከተማይቱ ሙዚየም ሆኖ ይገኛል፥ ይህም መልካም ነው። የሆሳዕና የቀበሌ ተርታ ሙዚየም ይሁን የሚል ምክር የለኝም፤ ሰዎች ይኖሩበታልና፥ ለሚኖርበት ሰው ከመዝገብ ይልቅ የማያፈስ ጣሪያ ይጠቅመዋል። ነገር ግን ከየከተማው አንድ ሁለቱ ከመፍረሳቸው በፊት በሜትር ተለክተው፥ የቋሚያቸው ርቀት፥ የምርጊታቸው ውፍረት፥ የበራቸው ቁጥርና በየክፍሉ የኖረው ቤተሰብ ሥራ ተጽፎ ቢቀመጥ፥ አንድ የሥነ ሕንፃ ተማሪ በአንድ የክረምት ዕረፍት ሊፈጽመው የሚችል ሥራ ነው፤ ዩኒቨርሲቲውም በበሩ ላይ አለ።

የጊዜው ዐዋጅም ይህን ቤት ነክቶታል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1320 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፥ የውሉም ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፥ ጭማሪውም በመንግሥት በሚወሰነው ልክ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሆን ይደነግጋል፤ ተፈጻሚነቱም ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። በቃል ተስማምቶ፥ በደላላ ፊት ቀብድ ሰጥቶ፥ የወሩን በወሩ መክፈል ለለመደው ተርታ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። እትዬ ውሉን ለማስመዝገብ ወደ ጽሕፈት ቤት ከመሄድ በፊት የምታሰላው፥ ከሁለት ዓመት በኋላ ልጇ ከደቡብ አፍሪካ ገንዘብ ልኮ «ተርታውን አፍርሺው፥ ፎቁ ይጀመር» ቢላት ምን እንደምትመልስ ነው።

በፈረሰም ጊዜ ከቤቱ የሚጣለው ጥቂት ነው። ቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳው በሬንጅ ተደፍኖ እንደ ገና ይሸጣል፤ ጭቃው አዲስ ጭድ ተጨምሮበት ዳግመኛ ይቦካል፤ ቋሚው ግን በመሬት የነበረው ጫፉ ስለሚበሰብስ ክንድ ያህል ተቆርጦለት ያጥራልና ለሁለተኛ ቤት ቋሚ መሆን አይችልም፥ ለማድ ቤት ወይም ለአጥር ይሆናል። ተከራዮቹ ደግሞ ፍራሻቸውንና የከሰል ምድጃቸውን በጋሪ ጭነው፥ ባጃጅ እስከሚደርስበት መጨረሻ ድረስ ወጥተው፥ ምርጊቱ ገና ያልደረቀ ሌላ ተርታ ይጠይቃሉ።